የወረፋ ማስያዣው ቁልፍ

«ቁልፍ የሚነድፍ አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ድልነሳው፣ ተማሪያቸው ምንተስኖት «የባልደረባዬ ሥራ በተመሰገነ ቁጥር ለምን ያንገበግበኛል?» ብሎ ሲጠይቃቸው።

ይህ ሰው በስልክ ስክሪን ላይ በጣት የሚነኩትን ቁልፎች፣ «ላክ»፣ «እሺ»፣ «ሰርዝ» የሚሉትን፣ ሲነድፍ ዐሥር ዓመት ኖሯል። በመሥሪያ ቤቱ የሚስተካከለው አልነበረም። ኋላ አንዲት ሴት ተቀጠረች። የእሷ ቁልፎች ጌጥ የላቸውም፤ ሰው ግን ወደዳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው እህል አልጣመውም። ስትስቅ በእሱ የምትስቅ ይመስለዋል። ሥራዋን በቀን ስንት ጊዜ እየከፈተ እንከን ይፈልግበታል።

አንድ ቀን አለቃቸው የጤና ጣቢያ ወረፋ ማስያዣ ገጽ ሁለቱም እንዲነድፉ አዘዘ፤ የተሻለው ሊመረጥ። ሰውዬው ቁልፉን እንደ ቀሚስ ጥልፍ አስጌጠው። ይህም አልበቃውም። የሴቲቱን ገጽ ጉድለት በዓይኑ አይቶ ለአለቃው ሊናገር፣ ሁለቱንም ገጾች በስልኩ ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደ። ተራ ከሚጠብቁ አንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀመጠ።

«እማማ፣ እስቲ በዚህ ወረፋ ይያዙ» ብሎ መጀመሪያ የሴቲቱን ገጽ ሰጣቸው። እማማ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ አንዴ ነኩት፤ ወረፋው ተያዘ። ቶሎ ብሎ የራሱን ከፈተላቸው። እማማ ሥዕሉን ነኩ፤ ጽሑፉን ነኩ፤ ዳር ዳሩን ነኩ። ቁልፉ ከጌጡ አልለይ አላቸው። በመጨረሻ ስልኩን መለሱለትና «ይቅር በለኝ ልጄ፣ አላዋቂ ሆኜ ነው» አሉት። ቀጥለውም «ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ እዚህ ስትውል ነበር። እጄን አይታ ‹ቁልፉን ሰፋ አደርግልዎታለሁ› አለችኝ። የመጀመሪያው የእሷ ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ሳለ እሳቸው ይቅርታ መጠየቃቸው አንገቱን አስደፋው። ተመልሶ ለአለቃው «የእሷ ይመረጥ። የእኔን ቁልፍ ሰው ፈልጎ አያገኘውም» አለ። ቅናቱ ግን በዚያ ቀን አልለቀቀውም፤ ስትመሰገን ጥርሱን ነክሶ አጨበጨበላት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ የታማሚዎቹን እጅ ሲያይ ዋለ።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ ምንተስኖት ዘወር አሉ። «አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። ባልደረባህ የሚሠራላቸውን ሰዎች ሲያይ፣ አንተ እሱን ስታይ ከረምህ። የሚያንገበግብህ ለዚህ ነው። ቅናትህ እስኪወጣልህ አትጠብቅ፤ እየቀናህም ቢሆን ሂድና የምትሠራለትን ሰው እይ።»