ሳያረጋግጥ «አዎ» ያለው ሰው

መምህር አጥናፉ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በሚያስተምሩበት ክፍል አንዲት ሠልጣኝ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ፋይል ወደ ሌላ ከተማ ልልክ ስል፣ የማዶው ማሽን መለያ፣ ማንነቱን የሚያረጋግጠው የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ ተቀይሯል እያለ ያስጠነቅቀኛል። ፋይሉ የሚሄደው ተመስጥሮ፣ ማለትም በቁልፍ ተቆልፎ ነው፤ ታዲያ ማስጠንቀቂያውን ባልፈው ምን ይጎዳል?»

መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እንዲህም አሉ፦

አንድ ሰው ነበረ። ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶችን በሚሸሽግ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ነበር። የትኛዋ ሴት በየትኛው ቤት እንዳለች የሚናገረውን ዝርዝር በየሳምንቱ ዓርብ በሌላ ከተማ ባለው ቢሮ ወደምትሠራ ባልደረባው ማሽን ይልካል። ጠንቃቃ ነው፤ ሳይመሰጠር አንዲት መስመር ከእጁ አትወጣም። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ይዛ የመጣች ሴት ስሟን ሲመዘግብ፣ «ይህን ማን ያየዋል?» ብላ ጠየቀችው። «እኔና ተቀባይዋ ብቻ» አላት። አመነችው።

አንድ ዓርብ ሊልክ ሲል ማሽኑ እንቢ አለ። «የማዶው መለያ ተቀይሯል፤ መሀል የገባ ሰው ሊኖር ይችላል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ደንገጥ ብሎ ስልኩን አነሣ። ነገር ግን ከዚህ ቀደም እንዲሁ ደውሎ፣ ለካስ ማሽኑን አድሰውት መለያው ተቀይሮ ኖሮ፣ የማዶዋ ባልደረባው «አንተ ደግሞ ጥላህን ትፈራለህ!» ብላ ስቃበት ነበር። ያ ሳቅ ትዝ አለው። «ዛሬም አድሰውት ይሆናል» አለና ስልኩን መልሶ አስቀመጠ። የድሮውን መለያ አጠፋ። ማሽኑ «አዲሱን ትቀበላለህ?» ሲለው «አዎ» ብሎ ጻፈ። ፋይሉ መቶ በመቶ ተላለፈ።

ሰኞ ጠዋት ባልደረባው ደወለች።

«የዓርቡን ዝርዝር ሳትልክልኝ ቀረህ እኮ።»

«ኧረ ልኬያለሁ።»

«አልደረሰኝም።»

«ማሽኑን አድሳችሁት የለም እንዴ?»

«ማን ነክቶት?»

ስልኩን ዘጋና ወደ ቤቶቹ መደወል ጀመረ። በሦስተኛው ቤት ስልኩን ያነሣው ፖሊስ ነበር።

የዚያች የሁለት ልጆች እናት ባል ለካ የኮምፒውተር ሙያ አዋቂ ኖሯል። የድርጅቱን መስመር ሰብሮ ገብቶ፣ የራሱን ማሽን በማዶው ስም መንገድ ላይ አቁሞ ይጠብቅ ነበር። እሑድ ጠዋት በዝርዝሩ ያገኘውን የቤቷን በር አንኳኳ። ልጆቹ ተረፉ። እሷ አልተረፈችም።

ሰውየው ቀብሯ ላይ ተገኝቶ ከሰው ኋላ ቆመ። እህቷ ማንነቱን ሳታውቅ እጁን ይዛ «ስለመጣህ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። እጇን ጨብጦ ሄደ። ለፖሊስ ሁሉን ተናግሯል፤ ሥራውንም ትቷል። ለእህቷ ግን ዛሬም ድረስ አልነገራትም።

መምህሩ ወደ ጠያቂዋ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ምስጢሩን የሰበረው የለም። ፋይሉ እንደተቆለፈ ሄዷል፤ አዲሱ መለያ የገዳዩ ስለነበር ግን መክፈቻውም በእሱ እጅ ነበር። ቁልፍ ከመንገደኛ ይጠብቃል፤ አንቺው በእጅሽ ካቀበልሽው ሰው ግን አይጠብቅም። ማሽኑም ‹ይህን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ?› ብሎ ነው የጠየቀሽ። እንግዲህ በምታውቂው ስልክ ደውይ፤ መለያውን ፊደል በፊደል አስነብቢ፤ የሚስቅም ይሳቅ። ሳታውቂ ‹አውቀዋለሁ› ያልሽ ቀን በሐሰት መስክረሻል፤ ፍርዱ የሚወድቀው ደግሞ በሌላ ሰው አንገት ላይ ነው።»