ከትምህርቱ የተቆረጠችው ደቂቃ

አንድ መምህር ነበር። ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ቋት፣ እንዴት እንደሚጠየቅና ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ በስልክ በሚታዩ አጫጭር ትምህርቶች ያስተምራል። ትምህርቶቹ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደሚቆረጠም ቆሎ ናቸው። "ጊዜ የላችሁም? እኔም የለኝም። እንጀምር!" ይላል ሁልጊዜ። ከተማው ወደደው።

ከተማሪዎቹ አንዷ ትርሲት ናት፤ የአንድ ኩላሊት እጥበት ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ። ክሊኒኩ ውስጥ ማሽኑ ጥቂት፣ ታካሚው ብዙ ነው። ተራው ያለፈበት ሰው ገላው ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል። የተራው መዝገብ ደግሞ ከመሰረዝና ከመደለዝ ብዛት አይነበብም ነበር። ትርሲት የምሳ ሰዓቷን እየሠዋች ተማረች። ተራ የሚይዝ ድረ ገጽ ሠራች። ታካሚዎች ቤታቸው ሆነው ቀናቸውን በስልክ ማየት ጀመሩ። አለቃዋ የወረቀቱን መዝገብ ጣለው። ሰው ሁሉ መረቃት።

ከዚያ አንድ ታካሚ ሞቱ። ትርሲት ስማቸውን ከዳታቤዙ ልታወጣ ፈለገች። ከስም ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ እንዴት እንደሚሰረዝ የሚያሳየውን ትምህርት ከፈተች። አጭር ነው። "ይቺን ትእዛዝ ጻፉ፣ አለቀ፣ ደቀቀ!" ይላል መምህሩ እየሳቀ። ጻፈች። አስገባች።

ሰንጠረዡ ባዶ ሆነ።

የሟቹ ስም ብቻ አይደለም። የሁሉም። የመሰረዝ ትእዛዝ "የትኛውን?" የሚለው ካልተጨመረበት ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። ትምህርቱ ይህን አልነገራትም። አስቀድመሽ ቅጂ አስቀምጪም አላላትም።

በማግሥቱ ታካሚው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። ኮሪደሩ ጠበበ። "ተራው የኔ ነው!" "አንተማ ትናንት ነበርክ!" "የት አየኸኝ?" በሽተኛ ከበሽተኛ ጋር ተገፋፋ። ጋሽ ደጀኔ የሚባሉ አዛውንት ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ትርሲት ቀረቡ።

"ልጄ፣ የሞተው ሌላ ሰው ነው አሉኝ። እኔን ሳልሞት ማነው የሰረዘኝ?"

ሰው ሳቀ። ትርሲት አልሳቀችም።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሁላችሁንም የሰረዝኩት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ደጀኔ ማሽን ያገኙት ቀኑ ሊመሽ ሲል ነው፤ ያውም በቃሬዛ ተይዘው። ተረፉ። ለጥቂት።

ትርሲት ታካሚዎቹን እየጠየቀች ተራውን እንደገና ሞላች። ከዚያ ቁጣዋን ይዛ መምህሩ ቢሮ ሄደች።

"መምህር፣ ስለ መሰረዝ ያስተማሩት ጎደሎ ነው" አለችው የሆነውን ሁሉ ነግራው።

"አጭር ነው እንጂ ጎደሎ አይደለም" አለ። "ስቀርጸው ማስጠንቀቂያው ነበረበት። ሰው እዚያ ሲደርስ ይሰለቻል፤ ዘግቶ ይወጣል። ቆረጥኩት። ሙሉው ትምህርት ለብቻው አለ። አላየሽውም?"

ትርሲት አይታዋለች። ርዝመቱን አይታ አልፋዋለች።

"ይኸው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።"

"እኔ ያፈሰስኩት ሰው ነው፤ ሰው አይለቀምም" አለች። "መቸኮሌ የኔ ጥፋት ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለታካሚዎቹ ፊት ለፊት ተናግሬያለሁ። እርስዎስ መቁረጥዎን ለማን ተናገሩ?"

መምህሩ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የተመልካቹ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይታያል። እነሱ እየተጨቃጨቁም ይጨምራል።

"ከትምህርቶቼ ሁሉ እንደዚህ የታየ የለም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ይሄ የሚጨምረው ቁጥር እኮ እንደኔ ጣቱን የዘረጋ ሰው ነው። የተማሪ ውጤት ላይ። የመድኃኒት መጋዘን ላይ። አሁን፣ እኛ ስናወራ። ያጥፉት!"

አፍሮ ይሁን ሊገላገላት ፈልጎ፣ መምህሩ "አጥፋ" የሚለውን ነካ። ስክሪኑ መሃል አንድ ጥያቄ ብቅ አለ፦ "እርግጠኛ ነዎት? ከጠፋ በኋላ መመለስ አይቻልም።"

እጁ ቆመ። ቁጥሩን አየ። እጁን ሰበሰበ።

"እስቲ ላስብበት" አለ።

ትርሲት ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው።

"ለእርስዎ ሲሆን እጅዎን የሚይዝ አለ" አለች። "ይቺን ጥያቄ የጻፈ ሰው ረዘመች ብሎ አልቆረጣትም። ከእኛ የቆረጡት እሷኑ ነው።"

በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ትምህርቱ እስከ ዛሬ አለ። ቁጥሩም ይጨምራል።

እውቀትን ማሳጠር ነውር አይደለም፤ ሰው ጊዜ የለውም። ነውሩ የሚያስጨበጭበውን ይዞ የሚያስጠነቅቀውን መጣል ነው። ስለት ለሰው የሚያቀብል እጀታውን ያስጨብጣል። እጀታው አያምርም ብሎ ነቅሎ የሚሰጥ ግን መምህር አይባልም። ተቀባዩም ቢሆን ሁሉንም ከማጣቱ በፊት "የትኛውን?" ብሎ ይጠይቅ።

እርስዎስ? ወላጅ ይሁኑ አለቃ ወይም ወዳጅ፣ ለሰው መንገድ ሲያሳዩ ታሰለቻለች ብለው የዘለሏት ዐረፍተ ነገር የትኛዋ ናት? ያ ሰው በዚህ ሰዓት ጣቱን የት ላይ አሳርፎ ይሆን?