የጦጣ ምራቂ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የላም በረቱን እናንተ ጨምሩበት።

ጦጣ ገበያ ውስጥ ጨው ትሸጥ ነበር። ጅብ ሲመጣ መደቧን በእግሩ እየመታ፣ «አንቺ፣ ይሄ ጨው ነው አፈር? ስፈሪ» ይላታል። እሷም እየተጣደፈች ትሰፍርና ሁለት እፍኝ ምራቂ ትጨምርለታለች።

በግ ግን፣ «እንደምን ዋልሽ እታለም? ግልገሌ መብላት እምቢ ብሎኝ ጨው ላስልሰው ነበር፤ ሲመችሽ» ትላታለች።

«አንቺማ የራሴ ሰው ነሽ፣ ትንሽ ታገሺ» ትላለች ጦጣ። ጨውም ሁልጊዜ በበግ ተራ ላይ ያልቃል።

ግልገሉ መቆም ሲያቅተው፣ በግ ሰላምታዋን ቤቷ ትታ መጣችና መደቡን በግንባሯ ገጨችው። «ስፈሪ» አለች። ጦጣ በድንጋጤ ከነምራቂው ሰፈረችላት።

ግልገሉ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ግን ጦጣን «እንደምን ዋልሽ» የሚላት ጠፋ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ለሚጮኸው ስጡት፣ እኔ እታገሣለሁ።