የአባ ጓንጉል ሦስት መንጠቆዎች

ተረቴ ከሐይቅ ወጣች፤ ውኃዋን አራግፋ ከመካከላችሁ ተቀመጠች። «እንኳን ደህና መጣሽ» በሏት! እንግዲህ ትናገር።

ድሮ፣ ብረት አፍ በነበረው ጊዜ፣ አውሬም ሰው ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ በሚጣራበት ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ቢረሳው የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበረ። ሚስቱ ይመኙሻል ትባላለች። ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

አንድ ቀን ጉማሬ መረቡን በጣጥሶ ጣለበት። ሌላ መረብ ሠርቶ እስኪጨርስ ልጆቹ ምን ይብሉ? በመጀመሪያው ቀን ጎመን በሉ። በሁለተኛው ቀን የጎመኑን ውኃ ጠጡ። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ልጅ ማልቀስ እንኳ አቃታት።

ይህን ጊዜ ይመኙሻል «የአባትህ መንጠቆዎችስ?» አለችው።

አባቱ አባ ጓንጉል ሲሞቱ ሦስት የብረት መንጠቆዎች ትተውለት ነበር። ከቀበራቸው አሥር ዓመት ሆኖታል፤ መንጠቆዎቹን አንድ ቀን እንኳ አይቷቸው አያውቅም። ከጣሪያው ሥር መንጠቆዎቹ ያሉበትን የቆዳ ከረጢት አውርዶ ፈታው። ዝገቱ እንደ በርበሬ እጁ ላይ ረገፈ።

«እግዚኦ!» አለ። «አባቴን አንድ ጊዜ የቀበርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለት ጊዜ ነው የቀበርኳቸው!»

ጩኸቱን የሰማች አቆስጣ ከሐይቁ ወጥታ መጣች። አቆስጣ ስትዋኝ የምትውል፣ ዓሣ የምትበላ፣ ጢማም አውሬ ናት።

«ቤቶች! ምን ሆናችሁ?»

«እመት አቆስጣ፣ የአባቴ መንጠቆዎች ዝገው አገኘኋቸው። ምን ባደርግ ይሻለኛል?»

«ወይ አያ ቢረሳው፣ ለዚህ ነው የምትጮኸው? ድንጋይ ላይ ፈትገው! እንደ መስተዋት እስኪያበራ ፈትገው!»

ቢረሳው የመጀመሪያውን መንጠቆ ድንጋይ ላይ ይፈትገው ጀመር። መንጠቆው «ኧረ ጥርሴን! ኧረ ጥርሴን!» እያለ ጮኸ።

«ዝም በል! ሲታጠብ የማያለቅስ የለም» አለው ቢረሳው።

መንጠቆው አበራ። ቢረሳው ትል ሰክቶበት በታንኳ ወጣ። ዓሣ ያዘለት። ጎትቶ ጎትቶ ታንኳው አጠገብ ሲያደርሰው፣ ዓሣው ሙልጭ ብሎ ሄደ። መንጠቆውን ቢያየው፣ ዓሣ አንዴ ከገባ እንዳይወጣ የምትይዘው ትንሿ የጎን ጥርስ የለችም። ተፈትጋ አልቃለች። መንጠቆው ባዶ እሾህ ሆኗል።

ደንግጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ አቆስጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«እጅህ ከብዶ ነው እንጂ ምክሬ ምን አለው? ይልቅ ሁለተኛውን ፍም ውስጥ ክተተው። ዝገትን እሳት ይብላው!»

ሁለተኛውን ፍም ውስጥ ከተተው። መንጠቆው «ኧረ ተው! እሳት አንዴ ወልዶኛል፤ ሁለተኛ ይገድለኛል!» እያለ ለመነ።

«ታገሥ! ትንሽ ነው የቀረህ» አለው።

ቀልቶ ወጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ዝገቱም ረገፈ። ቢረሳው ዳግመኛ ወጣ። አሁን የያዘለት የሰው ክንድ የሚያህል አምባዛ ነው! «ልጆቼ በሉ!» ብሎ ጮኸ። አምባዛው አንዴ ጎተተ፣ ሁለቴ ጎተተ፤ በሦስተኛው ብረቱ እንደ ሰም ተዘረጋና አምባዛው ጠለቀ። ጥንካሬውን እሳቱ ወስዶበት ኖሯል። ቢረሳው ክሩን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ቀዘፈ።

አቆስጣ አሁንም ደጃፍ ላይ ናት።

«የአንተ ዕድል ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ? በል ሦስተኛውን በእርጥብ ጨው ቅበረው። ጨው ሥጋን ካቆየ ብረትን አያቆይም?»

ቢረሳው ጨው ሊያመጣ ገባ። በዚያን ሰዓት ይመኙሻል ውኃ ልትቀዳ ወደ ሐይቁ ወረደች። እዚያም እንስራዋ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ቄጠማው ውስጥ የአቆስጣ ልጆች አንድ ትልቅ አምባዛ ይቀራመታሉ፤ የአምባዛው ከንፈር በመንጠቆ ተተልትሏል!

እየሮጠች ተመለሰች። ባሏ እጅ ላይ ያለውን ጨው መትታ ደፋችው።

«አንተ ሰው! ዓሣችንን ለምትበላው ነው እንዴ ስለ መንጠቆ የምናማክረው? ከእጅህ ያመለጠው እሷ ቤት ገብቷል!»

ቢረሳው ወደ አቆስጣ ዞረ። አቆስጣም «ልጆቼ ይጠሩኛል» ብላ እብስ አለች።

ይመኙሻል ሦስተኛውን መንጠቆ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተስ? ወንድሞችህ ሲያልቁ ለምን ዝም አልክ?»

«እነሱስ ጮኸው ምን አተረፉ?» አለ መንጠቆው። «ደግሞ ማን ጠየቀኝ?»

ባልና ሚስት በድንጋጤ ተያዩ።

«እንግዲህ ጠየቅንህ» አለች። «አባ ጓንጉል እንዴት ነበር የሚይዙህ?»

«የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያደርጉብኛል። በላመ አመድና በጨርቅ ቀስ አድርገው ያሹኛል። ቀዩ ሲለቅ ይተዉኛል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁሩ እድፍ አይደለም፣ ቆዳዬ ነው። ከዚያ በንጹህ ውኃ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ የኑግ ዘይት ይቀቡኛል። እርጥብ ሆኜ አድሬ አላውቅም።»

እንዳለው አደረጉ። ቀዩ ለቀቀ፤ ጥቁሩ ብቅ አለ። ቢረሳው «ትንሽ ቢጨመርበት እኮ ያበራል» ብሎ ጨርቁን ሲያነሳ፣ ይመኙሻል እጁን ቸብ አደረገችው። ተወው።

ቢረሳው ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። አቆስጣም የሚያመልጠውን ልትቀበል ከታንኳው ሥር አድፍጣ ጠበቀች። ዓሣ ያዘለት። ዓሣው ጎተተ፤ መንጠቆው አልተዘረጋም። ተወራጨ፤ የመንጠቆው ጥርስ አልለቀቀም። ዓሣው ታንኳው ውስጥ ዱብ ሲል አቆስጣ ጢሟን ከውኃው አወጣች፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ማነው የነገራችሁ?» አለች።

«ባለቤቱ ራሱ፣ መንጠቆው!» አላት ቢረሳው።

በዚያን ቀን ትንሿ ልጅ በልታ ጠገበች፤ ቢረሳውም ራሱ ሳይበላ መንጠቆውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት ቀባው። ሁለቱ መንጠቆዎች ግን እንደተበላሹ ቀሩ። ምንም ቢደረግ አልተመለሱም።

ስለዚህ የአባታችሁን ዕቃ ስታጸዱ እጃችሁን አለዝቡ፤ ከማጽዳታችሁም በፊት የሚመክራችሁ ማን እንደሆነ እዩ። ዝገት አሥር ዓመት ታግሎ ያልጨረሰውን፣ የጠላት ምክር በአንድ ጀምበር ይጨርሰዋል።