ድንጋይ የሚበላው ውሻ

አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ የሰፈር ሰዎች መርዶ ይዘውልኝ መጡ። ባሌ መርሻ የወንድሙን ልጅ ሊድር ወልድያ ሄዶ፣ በሠርጉ ማግስት በተኛበት ቀርቷል። እኔ ይህን አላውቅም፤ ዛሬ ይመጣል ብዬ ቤት እያሰናዳሁ ነው። እነሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ኮቴያቸውን እያጠፉ የግቢውን በር ገፋ ሲያደርጉት፣ መርሻ የሠራው ውሻ ከግድግዳው ላይ ጮኸባቸው።

«ው! ው! ው! ጭቅና አልቋል!»

መርዶ ነጋሪው ሁሉ ተበተነ። አንዱ ጫማውን ጥሎ ሮጠ፤ አንዷ የኮክ ዛፉን ጥምጥም ብላ ያዘች። ውሻው ሳጥን መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት አከራያችን አያ ይመር እንኳ ከሁሉም ቀድመው አጥሩ ላይ ተገኙ። እኔ በሳቅ እየፈረስኩ ወጣሁ። ስቄ ሳልጨርስ ፊታቸውን አየሁ።

የቀረውን አልጽፈውም። የውሻውን ነገር ግን እጽፋለሁ፤ መርሻን ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነውና።

መርሻ ሥራው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ካርታውን ግን ትምህርት ቤት ጥሎት ይመጣል። ቤት ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ የሚቀመጠው መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ነው። ምሳ ልንበላባት የገዛናት ጠረጴዛ ናት፤ አንድ ቀን አልበላንባትም። የራዲዮ አንጀት፣ የቴፕ ጉበት፣ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ከወጥ ቤቴ የጠፋ ማንኪያ ሁሉ እዚያ ይገኛል። መበየጃው ሲግል እሱ ማፏጨት ይጀምራል። አንድ ጊዜ ሲያጨበጭቡለት የሚበራ አምፖል ሠራ። እውነትም በራ። ችግሩ፣ ሰው ሲያስነጥስም ይበራል። በጉንፋን ወቅት ቤታችን ጭፈራ ቤት ይመስል ነበር።

«አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል?» ስለው፣

«መብራት ሲጠፋ ጤነኛ መሆናችንን እናውቃለን» ይለኛል።

ያኔ አዲስ ተጋቢዎች ነን፤ ደሴ ውስጥ ከአያ ይመር ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። አያ ይመር ከጣራቸው የሚወርደው ዝናብ እንኳ ለጎረቤት እንዳይደርስ አሸንዳውን ወደ ራሳቸው ያዞሩ ሰው ናቸው። ቤቱን ሲያከራዩን አንድ ነገር አስማሉን።

«ውሻ አልፈልግም። ዶሮዎቼን ይፈጅብኛል። ውሻ ያየሁ ቀን ትወጣላችሁ።»

እሺ ብለን ማልን። በዚያው ክረምት ሌባ ገባ። ያሰጣሁትን ልብስ ከነገመዱ ወሰደው። የአያ ይመርንም ጋቢ አልማረው። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ለሚወለደው ልጅ ያጠብኩት ጨርቅ ሁሉ ሄደ። ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ውሻ ማሳደግ ብንችል ኖሮ!» አልኩት።

«ማሳደግ ነው የተከለከልነው» አለ መርሻ፣ ካቻቢቴውን እያነሳ። «መሥራት ማን ከለከለን?»

ቴፑን ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ ሥጋ ቤት ሄደ። በር ላይ የሚተኛውን ግዙፍ ውሻ አጥንት እያሳየ እየነሳው፣ ሲናደድ ድምፁን ቀዳ። ቤት መጥቶ የካሴቱን ክር ቆረጠና ጫፍና ጫፉን አጣብቆ እየዞረ እንዲደጋግም አደረገው። ከዚያ ሁሉንም በአንድ የሻይ ሳጥን ውስጥ ከተተና ከቤታችን በር አጠገብ ግድግዳው ላይ በቡሎን አሰረው። ሽቦውን እስከ ግቢው በር ዘረጋው፤ የግቢው በር ሲገፋ ሽቦና ሽቦ ይነካካል፣ ቴፑም ይነሳል። ጉዱ የታየው በመጀመሪያው ሙከራ ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ለደንበኛው የተናገረው አብሮ ተቀድቶ ኖሯል!

«ው! ው! ው! ጭቅና አልቋል!»

ሆዴን ይዤ «ኧረ ይሄን ቁረጠው!» አልኩት።

«ተይው ባክሽ። የሚጮህ ውሻ የሚደፍር ሌባ ሞልቷል። የሚናገር ውሻ የሚደፍር ግን አልተወለደም።»

እውነቱን ነው። ሌባ ድርሽ አላለም። አያ ይመርም አዲስ ጋቢ አጥበው ሳይጨነቁ ያሰጡ ጀመር፤ ስለ ውሻው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ክረምቱ ሳይወጣ የእህታቸው ልጅ ሚስት ሊያገባ ሆነና የኛ ቤት አስፈለጋቸው። መሐላው ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። «ውሻ ይዘው ተገኝተዋል፤ ይውጡልኝ» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሆዴ ገፍቷል፣ ዝናቡ አያባራም፣ የሚከራይ ቤት የለም። ሽማግሌዎቹ በሩ አጠገብ ከጣራው ክፈፍ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ።

«ተከሳሹ ውሻ የታለ?» አሉ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ሼህ ሙሄ።

መርሻ ሄዶ የግቢውን በር ገፋ አደረገው።

«ው! ው! ው! ጭቅና አልቋል!»

ሼህ ሙሄ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። «ቢስሚላህ! ይሄስ ነጋዴ ነው!»

«ሰማችሁ አይደል?» አሉ አያ ይመር። «ጮኸ! የሚጮኸው ደግሞ ውሻ ነው።»

«ለመሆኑ ምን ይበላል?» አሉ ሼህ ሙሄ።

«ድንጋይ» አለ መርሻ። «አራት የራዲዮ ድንጋይ ካጎረስኩት ወር ይከርማል።»

«ድንጋይ አይቶ የሚሸሽ ውሻ ነበር የማውቀው።»

«ሼህ ሙሄ፣ አመጋገቡን ይተዉልኝ!» አሉ አያ ይመር። «በር ይጠብቃል፣ ሌባ ያባርራል፣ ዶሮዎቼ በድንጋጤ እንቁላል ከልክለውኛል። ጭራ ስላልተቀጠለለት ነው ውሻ የማይባለው?»

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ከመካከላቸው አንዱ እየሳቀ፣ አንዱ እየተቆጣ፣ መጨረሻ ላይ ሼህ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መርሻ ልጄ፣ ነገሩ ያስቃል። መሐላ ግን መሐላ ነው። ሥራው የውሻ ሥራ ነው፤ አከራይህም ውሻ ነው ካለ ምን እንፍረድ? ጨረቃዋ ሳታልቅ ቤት ፈልግ።»

እኔ አለቀስኩ። መርሻ ግን እጅ ነሥቶ ተነሳ።

«ውሻ ነው ካላችሁ ውሻ ነው። ፍርዱን ተቀብያለሁ።»

ይህን ብሎ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣና የሳጥኑን ቡሎን ይፈታ ጀመር።

አያ ይመር ዘለው እጁን ያዙት። «እሱን ወዴት ነው?»

«ይዤው ልሄድ ነዋ።»

«አይሆንም! በግድግዳዬ ላይ የታሰረ ሁሉ ከቤቱ ጋር ይቀራል። በሩን ይዘህ ትሄዳለህ? መስኮቱን ይዘህ ትሄዳለህ? ይሄም የቤት ዕቃ ነው! ሌባውን ማን ሊጠብቅልኝ ነው?»

መርሻ ካቻቢቴውን አወረደ። ዞሮም መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን፣ ቀጥሎ አያ ይመርን አየ።

«አያ ይመር፣ ውሻ ከሆነ ጌታውን ተከትሎ ይሄዳል። ዕቃ ከሆነ ደግሞ እኔ ውሻ አልያዝኩምና አልወጣም። እኔ እስክወጣ ውሻ ሆኖ፣ እኔ ስወጣ ዕቃ የሚሆን ፍጥረት ግን እኔም አልሠራሁ፣ ፈጣሪም አልፈጠረ!»

የሼህ ሙሄ መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ። ሳቁ ከክፈፉ ሥር ተነስቶ ጎረቤት ደረሰ። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ እስቃለሁ፤ ልጅቱ በሆዴ ውስጥ አብራኝ ትዘላለች።

«በል ይመር፣ ተናገር እንጂ» አሉ ሼህ ሙሄ ትንፋሽ ሲያገኙ። «ውሻ ነው ወይስ ዕቃ?»

አያ ይመር በሩን አዩ። ክፈፉ ሥር የተሰጣውን አዲሱን ጋቢያቸውን አዩ። ደጅ የሚወርደውን ዝናብ አዩ።

«ዕቃ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ልጃችንን እዚያው ቤት ወለድኳት። እናንተም ይህን አንብባችሁ የሳቃችሁ ሁሉ፣ ሳቃችሁ ሲያልቅ የመርሻን ስም ጠርታችሁ፣ ነፍሱን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን በሉልኝ።