መካሪ የበዛበት ኳስ መቺ

«ምክርና ጨው ልኩን ሲያልፍ ወጥ ያስደፋል።» አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ይህን ሳይል የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ነገሩ የገባኝ ግን እሱ ካለፈ በኋላ፣ በሰው ሜዳ ሳር ሳጭድ ነው።

ይህን ያነሣሁት ጎረቤታችን ትርሲት ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ስለ ጠየቀችኝ ነው። ትንሿ ልጇ ልቧን ታማ ነበር። ሐኪሞች ደረቷን ከፍተው ጠገኑት፤ ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና ድና ቤቷ ገባች። አሁን እየተሯሯጠች የእንግዳ ጫማ ትደብቃለች። እናትየው ግን ፊቷ ከስቶ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያዘችኝ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂኝ ልጄ።»

«ማመስገን አቃተኝ። ለምስጋና ስቆም ጎረቤቴ ‹ተንበርክከሽ ነው› ያለችው ይመጣብኛል። አክስቴ ደግሞ ‹ቆመሽ ነው፣ ያውም ሳትበይ› ትላለች። የባሌ እናት ‹ዳዊቱን ሳትጨርሺ አፍሽን እንዳትከፍቺ› ብለውኛል። ሌላዋ ‹ስለትሽን ሳታደርሺ ማን ይሰማሻል?› አለችኝ። ሁሉንም ልፈጽም ስል፣ ተመስገን የሚለውን ሳልል ተነሥቼ እሄዳለሁ። ‹ውለታ ቢስ ናት› ብሎ እግዜር ልጄን መልሶ ቢወስድብኝስ?»

እንባዋ መጣ። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርቴ ዳዊት ላይ ቆሟል። የማውቀው በዓይኔ ያየሁትን ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና ይህን ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአባታቸው መሬት ተጣልተው፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ለጀርባ የሚቀመጡ ሆነው ብዙ ዘመን ኖሩ። በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቋቸው። ብልህ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እርቅ በመሳሳም ብቻ እንደማይጸና ያውቃሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቦታ አብራችሁ ዋሉ። የቀረ ሰው እርቁን እንዳፈረሰ ይቆጠራል» ብለው በቃል አሰሯቸው።

ታናሽዬው ጎልፍ ይወድ ነበር። ጎልፍ አይተሽ ካላወቅሽ፣ የገና ጨዋታ ዓይነት ነው፤ ሩጫና ግፊያ የለውም እንጂ። ትንሽ ነጭ ኳስ ሳር ላይ ትቀመጣለች። ሰውየው በረጅም ዘንግ ይመታትና ተከትሏት ይሄዳል፤ እንደገና ይመታታል፤ እንዲህ እያለ ሩቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይከታታል። እኔ የዚያ ሜዳ ሳር አጫጅ ነበርኩ። ታላቅዬውም ስለ እርቁ ሲል ዘንግ ገዝቶ መጣ።

መምታት ግን አልሆነለትም። አንዳንዴ ዘንጉ ኳሷን ስቶ አየሩን ይመታል። አንዳንዴ ኳሷ እንደ እንቁራሪት ዘለል ዘለል ብላ ትቆማለች። አንድ ቀን ደህና ይመታና ደስ ይለዋል፤ በሚቀጥለው ያው ነው። የሜዳው ሰው ደግሞ አይቶ ዝም አይልም፤ ሁሉም መምህር ሆነ። ጡረታ የወጣ ዳኛ ነበረ፤ «አንገት! አንገትህን ድፋ!» ይለዋል። የጥርስ ሐኪሙ፣ «ክርንህን ዘርጋው እንጂ፤ ምን እንደ ዶሮ ክንፍ ታጥፈዋለህ?» ይለዋል። አንዱ ነጋዴ፣ «ከወገብህ ዙር፣ ከወገብህ!» እያለ ራሱ ይዞራል። ሻይ የምታቀርበው ሴትዮ እንኳ አልቀረችም፤ «ጋሼ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» አለችው።

በመካከላቸው ክፉ ሰው አልነበረም። የሚሉትም ሐሰት አልነበረም። ሰውየውን የገደለው ይሉኝታው ነው። ለሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ብሎ ግን አይተወውም። የመከረው ሰው ከኋላው ቆሞ እያየ ምክሩን ሳይፈጽም መምታት ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ለዳኛው ብሎ አንገቱን ይደፋል፣ ለሐኪሙ ብሎ ክርኑን ይዘረጋል፣ ለነጋዴው ብሎ ወገቡን ይጠመዝዛል፣ ለሴትዮዋ ብሎ ትንፋሹን ያፍናል። ሰውን ሁሉ ደስ ሲያሰኝ፣ ኳሷን የሚያስባት ጠፋ።

አንድ ቅዳሜ፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሳይጠነክር፣ መካሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ከኋላው ቆሙ። ታናሽዬው ቀድሞ መትቶ ጎን ላይ ይጠብቃል። ሰውየው አንገቱን ደፋ፣ ክርኑን ዘረጋ፣ ትንፋሹን ያዘ። የግንባሩ ደም ሥር ተገተረ። ዘንጉን በኃይል አወረደው። ኳሷን አላገኛትም። ጭቃውን ቆርሶ በወንድሙ ነጭ ሸሚዝ ላይ ለጠፈው።

ሜዳው ሳቀ። ዳኛው፣ «ይህ ጉልበት ለሰኔ እርሻ ነበር!» አለ። ታናሽዬውም ሳቀና፣ «ወንድምጋሼ፣ የአባታችንን መሬት ዛሬ ልታካፍለኝ ነው እንዴ?» አለው።

ቀልድ ነበር። ግን ቃሉ ያረፈው አሮጌው ቁስል ላይ ነው።

ሰውየው አልሳቀም። ዘንጉን ወደ ከረጢቱ መለሰ። «በቃኝ። ሽማግሌዎቹ ይቅር ይበሉኝ፤ ከእንግዲህ እዚህ አልመጣም» አለ። ሳቁ ቆመ። ታናሽዬው ጭቃውን ማራገፉን ትቶ ፊቱ አመድ መሰለ። «ወንድምጋሼ፣ ስቀልድ እኮ ነው» ቢለው አልዞረም። እኔ ማጨጃዬን ይዤ ቆሜ፣ «ጌታ ሆይ፣ የእነዚህን ሰዎች እርቅ በኳስ አታፍርሰው» አልኩ።

ከኋላ ተራውን የሚጠብቅ አንድ እንግዳ ነበር። ከሌላ ከተማ መጥቶ ለዚያች ቀን ብቻ ሊጫወት የገባ ሰው ነው፤ ማንም አያውቀውም። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሀብታሙ ቀረበ። «ይፍቀዱልኝ» አለና በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ቃሉ ረጅም አልነበረም። ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ከመካሪዎቹ ሁሉ፣ ምክሬን ሰማኝ አልሰማኝ ብሎ ያላየው እሱ ብቻ ነው።

ሰውየው የእንግዳውን ጀርባ ትንሽ አየው። ዘንጉን መልሶ አወጣ። ወደ ኋላው ሳይገላመጥ ኳሷ ያለችበትን ሳር ቁልቁል ተመለከተ። ከዚያም አውድማ እንደሚጠርግ ሰው ዘንጉን ለስለስ አድርጎ አሳለፈው። ኳሷ ተነሣች። ያን ያህል ሩቅ አልሄደችም፤ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ከታናሽዬው ኳስ መለስ ብላ ሳሩ ላይ አረፈች።

ታናሽዬው «ተመስገን!» ብሎ ጮኸ። ጭቃ በጭቃ እንደ ሆነ አንገቱን አቀፈው። ኳሶቻቸውን ፍለጋ ጎን ለጎን ሲወርዱ፣ ታላቅዬው በመሐረቡ የወንድሙን ሸሚዝ እየጠረገለት ነበር። ከኋላቸው ክርክር ተነሣ።

«አያችሁት? አንገት!»

«ኧረ ክርን ነው! ስንት ቀን የለፋሁበት!»

ሴትዮዋ ሻይዋን እንደ ያዘች፣ «ትንፋሽ ነው እንጂ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ተሳካለት አልልሽም። ሲስት አይቼዋለሁ። ሲስት ግን አይናደድም፤ ወደዚያችው አንዲት ነገር ይመለሳል። ስለዚህም እየዋለ እያደረ፣ የሚስተው ከሚያገኘው እያነሰ ሄደ። ለመካሪዎቹም እንደ በፊቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ አሁን ግን ብሎ ይተወዋል። እኔ ሥራውን እስካቆምኩ ድረስ ሁለቱ ወንድማማቾች ቅዳሜን ቀርተው አያውቁም። ያቆማቸው ይመስገን።

ወደ ትርሲት ዞርኩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። አክስትሽም፣ የባልሽም እናት፣ ጎረቤቶችሽም የመከሩሽ ስለሚወዱሽ ነው። አመስግኛቸው። ስግደቱም ዳዊቱም መልካም ነው፤ ስለቱም ጊዜው ሲደርስ ይደርሳል። በእግዚአብሔር ፊት ስትቆሚ ግን እነሱን ከኋላሽ አታሰልፊ። እሱ አንገትሽ ተደፋ አልተደፋ ብሎ የሚቆጣጠር አይደለም። የልጅሽን እጅ ያዢና ተመስገን በይ፤ ሌላውን ለእሱ ተይለት። ያዳናት እሱ ነው፣ የሚጠብቃትም እሱ ነው። የእሱን ሥራ ልሥራ ብለሽ ነው እንዲህ የደከምሽው።»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ልጅቷ ከአጥሩ ማዶ የማንን እንደ ሆነ እንጃ አንድ እግር ጫማ ይዛ ስትሮጥ አየናት፤ ትርሲት ሳቀች። ያን ሳቅ ስለ ሰማሁ እኔም አመሰገንኩ።

«አባባ፣» አለችኝ ልትነሣ ስትል፣ «እንግዳው በሰውየው ጆሮ ምን ብሎት ነው?»

እኔም ያን ቀን ይኸው ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ እንግዳው ጨዋታውን ጨርሶ ሲወጣ ማጨጃዬን ጥዬ እስከ በሩ ተከትዬው ሄጄ ነበር። «ጌታዬ፣ አይቆጡኝና፣ ምን ብለዋቸው ነው?» አልኩት። እሱም ባርኔጣውን እየደፋ ፈገግ አለና እንዲህ አለኝ፦

«ኳሷን ይርሷትና ሳሩን ብቻ ጠረግ ያድርጉ አልኳቸው፤ መብረሩን ኳሷ ራሷ ታውቅበታለች።»