ጥበቃ በተግባር

የሳይንስ መምህራን ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲሠለጥኑ ጎባ ላይ ተሰበሰቡ። ሥልጠናውን የሚከፍቱት ኃላፊው አቶ ድልነሳሁ ስለነበሩ፣ አዳራሽ ሙሉ መምህር ከጠዋት ጀምሮ እሳቸውን ሲጠብቅ ዋለ። አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ብርቅዬውን ቀይ ቀበሮ ዕድሜ ልኳን በሥዕል ብታስተምርም በዓይኗ አይታው አታውቅም። ነገ ተራራ ወጥታ ልታየው ነውና ሁሉንም ቻለችው።

ምሳ ሰዓት ካለፈ ወዲያ አቶ ድልነሳሁ ደረታቸውን ነፍተው ሲገቡ መምህርቷ ስታዛጋ ደረሱባት።

«አንቺ! ገና አፌን ሳልከፍት አፍሽን ትከፍቻለሽ? በይ እስቲ፣ ጥበቃ ምን እንደሆነ አስረጂኝ። ካቃተሽ የነገው ጉብኝት ለሁላችሁም ቀርቷል!»

መምህርቷ ተነሥታ እጅ ነሣች።

«ክቡርነትዎ፣ ጥበቃውንማ ከጠዋት ጀምሮ በተግባር ስንሠራው ዋልን። የቀረን ብርቅዬውን ማየት ብቻ ነበር፤ እርስዎም ይኸው ብቅ አሉልን።»

አቶ ድልነሳሁ ብርቅዬ በመባላቸው ደስ ብሏቸው ጉብኝቱን እዚያው ፈቀዱ። መምህራኑም ሳቃቸውን አምቀው አድረው፣ በማግስቱ ተራራው ላይ ለቀቁት፤ ቀበሮው እንኳ ቆሞ አያቸው።